ሰው የሌለበት ቤት

ይድረስ ለጎረቤቴ፣ ኮምቦልቻ።

ከኛ ሰፈር ከወጣሽ ጀምሮ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ልጅሽ ፋሲካስ ጉልበቷ መለስ አለላት ወይ? ሕፃኗ መጀመሪያ ሳምንት ጡት አልይዝ ብላ እንዳስጨነቀቻችሁ ሰምቼ፣ አላህ ያግራላቸው እያልኩ በየሰላቱ ዱዓ ሳደርግ ነው የሰነበትኩት። እኔና ሉብና አካላችን ደህና ነው፣ ለሱ ምስጋና ይግባው። አካላችን ነው ያልኩሽ። ሌላውን እያነበብሽ ታገኚዋለሽ።

ስትደውዪ የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። ሁለት ጊዜ አንስቼ ድምፅሽን ስሰማ ኔትወርኩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩስ ይሰማ ነበር። ደግሞም በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም፤ በዚህ ጊዜ የሰውን ስልክ ማን እንደሚያዳምጠው አይታወቅም። እንደ ድሮው በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ሉብና ጓዳ ታጠናለች። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ በር መቀርቀር ከጀመርኩ ወር አለፈኝ።

ያን የጥናት ሥራ ታስታውሻለሽ። ሰሚሃ የምትባለው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ መምህር ትፈልጋለች ተብሎ ዳይሬክተሩ እኔን ጠራኝ። ሰማንያ ቤት እየዞርኩ መጠየቅ ነው ሥራው። ባለፈው ምርጫ ድምፅ ሰጥተሻል ወይ፣ ዘንድሮስ ካርድ ታወጪያለሽ ወይ፣ ካላወጣሽ ለምን፣ ወደ የትኛው ወገን ታዘነብያለሽ። መልሱ ታብሌት ላይ ይሞላል። ስም አይመዘገብም። ስም እንደማይመዘገብ ለየሰዉ መንገርም ግዴታዬ ነበር፤ ነገርኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝና አመኑኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የሰፈራችንን የቤት ቁጥር ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ ወድቋል፣ ግማሹ የተደገመ ነው። አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ እንዳልጠይቅ ብዬ የልጆች ደብተር ገዝቼ የየቤቱን ባለቤት ስም ጻፍኩ። ከስሙ አጠገብ ደግሞ ምልክት አደረግሁ። እመርጣለሁ ላለ «ሀ»፣ አልመርጥም ላለ «ለ»፣ መልስ ላልሰጠ «መ»። ለሥራ እንዲቀለኝ ነው። ወላሂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሳስበው ግን፣ አንድ ሰው ሊያስፈጀን ቢያስብ ከዚያ ደብተር የተሻለ አይሠራም ነበር።

ሰው መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። ሸህ ዘይኑልአቢዲንን ወደ የትኛው ወገን ያዘነብላሉ ብዬ ስጠይቃቸው «ወደ ቂብላ» ብለው የሚሰግዱበትን አቅጣጫ በእጃቸው ሲያሳዩኝ ሳቅን። ሌላዋ ደግሞ ቧንቧችን ውሃ ካመጣ ወደ ውሃው ነው የማዘነብለው አለችኝ። እየዋለ ሲያድር ግን ሳቁ ቀረ። በሩን ገርበብ አድርገው በሹክሹክታ ይመልሱልኝ ጀመር። ሰማንያው ቤት ሲያልቅ አሥራ ዘጠኙ «ሀ» ሆነ፣ አርባ ስድስቱ «ለ»፣ የቀሩት አሥራ አምስቱ «መ»።

አንቺ ብቻ ድምፅሽን ዝቅ አላደረግሽም። የግቢሽ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ልብስ እያሰጣሽ ነበር። ሰው በመንገዱ ይተላለፋል። ቀስ በይ አልኩሽ። አልሰማሽኝም። ያልሽው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ባለፈው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰኝ። የጣቴ ቀለም ከጠራ ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ደጃችን መጣ። እኔ ማንንም አልጠላም፣ ማንንም አልደግፍም። ለዚህ ነገር ግን ሁለተኛ እጄን አልዘረጋም። ብትፈልጊ ስሜንም ጻፊው።»

ስምሽን ጽፌው ነበር።

በሳምንቱ ፋሲካ ምጧ ተቃርቧል ተብሎ ተነስተሽ ሄድሽ። ቁልፉን ለወንድምሽ ለእንየው ሰጥተሽ፣ ዶሮዎችሽን ወደ ግቢዬ አምጥተሽ ለኔ አደራ ብለሽ። አቅፌ ሸኘሁሽ። የምትወልደው ልጅ ክርስትና ሲነሳ እመለሳለሁ አልሽኝ።

ከሄድሽ በኋላ ሀምዳን ትምህርት ቤት መጣ። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፤ አሁን እዚህ ከተማ ከሹማምንቱ ጋር ይሠራል። በእረፍት ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ነበር። እንደ ልማዱ ቲቸር ይለኛል፣ እርስዎ ይለኛል። ጥሩ ሥራ መሥራቴን ሰምቷል፤ ካርድ አናወጣም ያሉትን ሰዎች ስም ብሰጠው ሰው ለመጉዳት ሳይሆን ለማስረዳት መሆኑን ነገረኝ። ስም አልመዘገብኩም አልኩት። ደብተር ይዘው ሲዞሩ ሰው አይቷል አለኝ። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና እንደ ዋዛ ጠየቀኝ።

«ሉብና ዘንድሮ ተፈታኝ ናት አይደል ቲቸር? ጎበዝ ናት አሉ። አላህ ያሳካላት።»

አሚን አልኩ። እሱ ከወጣ በኋላ ደወል ተደውሎ ሳለ የተቀመጠባትን የልጅ ወንበር ወደ ቦታዋ መለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከገበያ አሳ ገዝቼ በባጃጅ እመለሳለሁ። አጠገቤ ጋቢ የለበሰ ሸበቶ ሰው ተቀምጧል። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ እኔን ሳያይ፣ ከሰፈራችን ካርድ የሚያወጡትን ሰዎች እኔ አውቃለሁ እንደሚባል ነገረኝ። ለኛም ብታካፍይን አለ። እኛ ማለት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ አንቺም አትጠይቂኝም። ባለባጃጁ በመስተዋቱ አየን፣ ወዲያው ዓይኑን አሸሸና ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ሰውየው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም መገንጠያው ጋ ሲደርስ ወረደ። የእጅ መሐረቤን አስተካክሎ አሳዬ ላይ አለበሰልኝ፤ ዝንብ እንዳይነካው።

አንዱ የማይመርጡትን ይፈልጋል፣ ሌላው የሚመርጡትን። ደብተሩ አንድ ነው።

በማግስቱ ጧት ሉብና ትምህርት ቤት ስትሄድ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ማቃጠል ፈራሁ፤ ጭሱን ያየ ምን ታቃጥላለች ይላል። ሐይቁ ዳር ልወስደው አስቤ ነበር፤ እዚያ ደግሞ አሳ አጥማጁ፣ አጣቢው፣ ሁሉም ያውቀኛል። ወረቀቱ ሲርስ እንደ ሊጥ አሸሁት፣ የእስክሪብቶው ቀለም እጄን ሰማያዊ አደረገው፣ ከዚያ ጨምቄ ከዶሮዎችሽ ኩስ ጋር ቀበርኩት። ደብተሩ ጠፋ። በልቤ ያለው ግን አልጠፋም። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ሰማንያውን ቤት በተራ ከነምልክቱ ልጠራልሽ እችላለሁ። ይኼን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር። ሀምዳን ግን አወቀብኝ፤ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ የተማሪዎቼን ስም በቃሌ እንደምጠራ ያስታውሳል።

ሰኞ እነ ሀምዳን ቢሯቸው ጠሩኝ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አንድም ሰው አልተናገረኝም፣ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ያየኛል። ምሳ ሰዓት ሆኖ ሁሉም ወጥቶ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስገቡኝ። ሀምዳን አለ፤ ሌላ የማላውቀው ሰውም እስክሪብቶ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ደብተሩ ታጥቦ ጠፋ አልኩ። ባለ እስክሪብቶው ሳቀ። ሀምዳን አልሳቀም።

«ሁሉንም አንፈልግም ቲቸር» አለኝ። «ሰው ዝም ብሎ አልመርጥም አይልም፤ የሚቀሰቅስ አለ። የሱን ስም ብቻ ይንገሩን። አንድ ስም። ከዚያ እርስዎም ወደ ክፍልዎ፣ ሉብናም ወደ ፈተናዋ።»

የምትቀሰቅስ ሰው የለችም አልኩ። አፌ የለችም አለ። ለምን የለም እንዳላልኩ እስከ ዛሬ እራሴን እጠይቃለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብርጭቆ ውሃ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። እኔም የሰፈሩን ቤት አንድ ባንድ በልቤ ዞርኩ። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ልባቸው ታሟል፣ ሁለት ሌሊት አይችሉም። ከሳቸው ቀጥሎ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት። ከሷ ቀጥሎ ያለው ሦስት የሙት ልጆች ያሳድጋል። በየደጁ ቆሜ በየበሩ ወደ ውስጥ አየሁ፤ በሁሉም ውስጥ ሰው አለ። ሰው የሌለበት ቤት አንድ ብቻ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ባለቤቱ ሩቅ ናት፣ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ የልጅ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ባዶ ቤት ምን ይሆናል አልኩ። ማን ይጎዳል አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ሉብና በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምን አሉሽ እማዬ አለችኝ። ምንም አላሉኝም አልኳት።

ሐሙስ እንየው ከገጠር ወረደ። ጓሮሽ ያለውን ቃሪያ ውሃ ሊያጠጣ ነው የመጣው። ከመምጣቱ ሰዎቹ መጡ። በአጥራችን ቀዳዳ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ባለቤቷ የታለች አሉት። ኮምቦልቻ ናት፣ ልጇ ወልዳ ነው፣ እኔ ወንድሟ ነኝ አለ፣ እንደ እንግዳ ተቀባይ ግቡ እያለ። ቁልፉን ተቀበሉት። ቤቱን አገላብጠው ፈተሹ፣ ከዚያ ወረቀት ለጥፈው አሸጉት። እሱንም ይዘውት ሄዱ። ጫማውን እስኪያደርግ ጊዜ ቢጠይቃቸው እንኳ አልጠበቁትም።

እኔ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። አልወጣሁም።

በጦርነቱ ጊዜ እኔንና ሉብናን አምባሰል ገጠር እሱ ቤት ነው የወሰድሽን። አርባ ቀን ቆይተናል። የመጣው ታጣቂ ሁሉ እነዚህ ማናቸው ሲለው እህቶቼ ናቸው ይል ነበር። እንድሰግድ ጎተራው ጀርባ ንጹሕ ሰሌን ያነጠፈልኝ፣ ስሰግድ ሰው እንዳይመጣ በሩቅ የሚቆምልኝ እሱ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ እጁን ወደ ኋላ ይዘውት ሲወጣ ያየሁት ይህ ሰው ነው።

አምስት ቀን አቆዩት። በየጧቱ ምግብ ቋጥሬ ከትምህርት ቤት በፊት አደርስለት ነበር። ዘበኛው ምኑ ነሽ ሲለኝ እህቱ ነኝ እላለሁ። በስድስተኛው ቀን ሲለቁት በር ላይ ጠብቄው ቤቴ ወሰድኩት፣ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩለት። ምን እንዳደረጉት አልተናገረም። በግራ ጆሮው እምብዛም አይሰማምና ስታናግሪው በቀኙ በኩል ሁኚ። ተነስቶ ሲሄድ የገዛ እህቴ እዚህ ብትኖር ከዚህ በላይ አታደርግልኝም ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱን አሚን ብዬ መቀበል አቃተኝ። ውሃውን ልድፋ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የቤትሽ መታሸግና የእንየው መያዝ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰው። ካርድ የማውጫው ቀን ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። አልመርጥም ያለኝ ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ካርዱን አወጣ። ማንም ምንም አላለኝም። ሰላም ማለት ግን አቆሙ፤ ደብተር ይዤ መዞሬን ሁሉም አይቷል። ስታልፍ ሁሌ የምትስመኝ ጎረቤታችን ዋሲላ እንኳ ልጇን በሌላኛው እጇ አዙራ ይዛ አለፈችኝ።

የምርጫው ቀን ሰልፉ ከጣቢያው እስከ አስፋልቱ ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለ ፀጥ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ልጅ አያለቅስም፣ ሰው አይቀልድም። ከአርባ ስድስቱ አርባ አንዱን ቆጠርኩ። መቁጠሩን መተው አልቻልኩም። ሸህ ዘይኑልአቢዲን ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ በጠቅላላው ሰፈር ሰላምታዬን የመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ዛሬም ወደ ቂብላ ነኝ፤ እግሬ ነው ወደዚህ የመጣው» አሉኝ። እመርጣለሁ ካሉኝ ከአሥራ ዘጠኙ ደግሞ ግማሾቹን የበላ ጅብ አልጮኸም። በሩን ዘግተው ዋሉ። ለካ ያ ጋቢ ለባሽ የጠየቀው እኔን ብቻ አልነበረም።

ማታውን ሰሚሃ ደወለች። በናንተ ሰፈር ከአራት አንድ ሰው ይወጣል ብለን ነበር፣ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ አለችኝ። ጥናቱን ለማስተካከል ድጋሚ ቤት ለቤት እንድዞርላት ጠየቀችኝ። ሰዉ ሐሳቡን ቀየረ አልኳት። ለምን ስትለኝ እንጃ አልኩ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፋት የለባትም። አልዞርም አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴት በሙሉ ሂና ሞቃለች። ሙሽራ ያለ ይመስላል። ክርስቲያኖቹ ደግሞ እንሶስላ። አሥሩንም ጣት ነው የሚያቀሉት፣ ምርጫው ቀን በተቀባነው ቀለም እነ ጋቢ ለባሹ የመረጠውን ሰው እንዳይለዩ። ወንዶቹ ጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ማጭድ ቆረጠኝ ይላሉ። እኔ በሎሚ ሞከርኩት፣ በበረኪና ሞከርኩት፣ አልለቅ ሲለኝ እንደ ሴቶቹ ሞቅሁ። ትናንት ገበያ ላይ ቲማቲም ስመርጥ አንድ እጅ ከጎኔ ተዘረጋና ቲማቲም አነሳ። ቀና አልኩ። ያ ሸበቶ ሰውዬ ነው። ፊቴን አላየም፣ እጄን ነው ያየው።

«ያማረ ሂና ነው» አለኝና ቲማቲሟን መልሶ አስቀምጦ ሄደ።

ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩልሽ። ሉብና ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት ደሴ አክስቷ ጋ እልካታለሁ። እኔ ምን እንደምሆን አላህ ያውቃል። አንቺ ግን አትመለሺ። ክርስትናውን እዚያው አንሱ። ሰማንያው ቀን ሞልቶ ሀገሬ፣ ቤቴ ብለሽ እንዳትነሺ። ስትመጪ እንድነግራቸው ሀምዳን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ለምን አንቺን እንደሚፈልጉ ሰው ቢጠይቅሽ ያን ቀን በሩን ከፍተሽ ጮክ ብለሽ ስለተናገርሽ ነው ይሉሻል። ሰፈሩም እኔ ባለሁበት የሚያወራው እንደዚያ ነው፤ መንገደኛ ሰምቷት ነው ይላሉ። እኔም ሲያወሩ እሰማለሁ። አልመልስላቸውም።

ዶሮዎችሽ ደህና ናቸው፤ ቀይዋ ታቅፋለች። ቃሪያው ደርቋል፤ ግቢው ስለታሸገ መግባት አልቻልኩም። በአጥሩ ቀዳዳ ውሃ ልረጭለት ሞክሬ አልደርስ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እንየው ነው። ሌላ የማምነው ሰው አጣሁ። እንደምታውቂው ማንበብ አይችልም፤ ደብዳቤ ልልክላት ነው ስለው ምን ብለሽ ነው የምትጽፊላት ብሎኝ፣ እሷ ታነብልሃለች ብዬዋለሁ። እንግዲህ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ አንብቢልኝ ይልሻል። ሰላምታውን አንብቢለት። የዶሮዎቹን ነገር አንብቢለት። የቀረውን እስከ የት እንደምታነቢለት አንቺ ታውቂያለሽ። ሁሉንም ብታነቢለትም አልቀየምሽም። ከአሁን በኋላ ምርቃቱን ለኔ እንዳያባክን ቢያውቅ ይሻላል እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ እፈራለሁ።

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ። በምን አፌ።

ሕፃኗን አላህ እድሜና ጤና ሰጥቶ ያሳድግላችሁ። ፋሲካን ጡቷን ይሙላላት። አንቺን ከክፉ ሰው፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ ይሰውርሽ።

በአንድ አጥር የምንዋሰን
ጎረቤትሽ፣ የሉብና እናት
ከሐይቅ